ከዑራኤል በታች ያለው ጓሮ

ፀደንያ ከደብረ ብርሃን ወደ እናቷ ቤት የተመለሰችው በግንቦት ነበር። ቤቱ ከአንኮበር ከተማ ዝቅ ብሎ፣ ከዑራኤል ቤተ ክርስቲያን ግርጌ፣ ተዳፋቱ ላይ ተለጥፎ የቆመ ነው። ጉም በሌለበት ቀን ከደጃፉ ሆኖ ቁልቁል ለተመለከተ ቆላው እስከ አፋር በረሃ ድረስ ወለል ብሎ ይታያል። እሷ በመጣችበት ሰሞን ግን ጉሙ አልገለጥ ብሎ፣ ከአጥሯ ወዲያ ያለው ዓለም ሁሉ የጠፋ ይመስል ነበር።

እናቷ ከሞቱ ዓመት አልፏል። የተዘጋውን በር ስትከፍት የአይጥና የእርጥበት ሽታ ተቀበላት። ሻንጣዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ብዙ ቆመች። «ደረስሽ?» የሚላት ሰው አልነበረም።

ባሏ ባየው ክፉ ሰው አልነበረም። በትዳራቸው ልጅ አላገኙም። መጀመሪያ ሰሞን ስለዚያ ያወሩ ነበር፤ ቆይቶ ማውራቱን ተዉት። ዝምታው ከሳሎን ጀምሮ ቤቱን አንድ በአንድ ያዘው። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ባየው ጫማውን እያሰረ «ቢቀርብን አይሻልም?» አላት። እሷም ሳታለቅስ «ይሻላል» አለችው። ሌላ ነገር አልተባባሉም።

አሁን በእናቷ ቤት ውስጥ ለብቻዋ ስታበስል እጇ ሳታዝዘው ለሁለት ሰው የሚበቃ ሽሮ ይበትናል። የተረፈውን በማግሥቱ ታሞቀዋለች። ሬዲዮኑን የምትከፍተው ለዜናው ሳይሆን ለድምፁ ነው። ገበያ ስትወጣ የሚያውቋት ሴቶች አገላብጠው ይስሟትና «ባልሽስ? አብሮሽ አልመጣም?» ይሏታል። እሷም ገበያ መውጣቷን ቀነሰች።

ጓሮው ከቤቱ ይብስ ነበር። እናቷ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ይተክሉበት የነበረውን ቦታ ሳማ ወርሶታል። ከወገብ በላይ አድጎ ካቡን አልፎ ወደ መንገድ ያዘነብላል። አንድ ጠዋት ፀደንያ በረንዳው ላይ ቆማ ስታየው ቆየችና በድንገት ወርዳ በባዶ እጇ ትነቅለው ጀመር። ለምን እንዲያ እንዳደረገች እሷም አታውቅም። እጇ እስከ ክርኗ በእሳት የተለበለበ ያህል ሲነድ፣ መሬት ላይ ቁጢጥ ብላ ማልቀስ ጀመረች።

«ምነው እህቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

ቀና አለች። ከካቡ ወዲያ አንድ ወጣት ቆሟል። ነጠላውን በትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ዶማ ይዟል። ቀጭን ነው፤ ዓይኖቹ ለፊቱ ትልልቅ ናቸው።

«ሳማ ነው» አለች ፊቷን በትከሻዋ እየጠረገች።

ወጣቱ ጎንበስ አለና ከካቡ ሥር የበቀለ ቱልት በጠሰ። ቅጠሉን በመዳፉ ጨምቆ አሻግሮ ሰጣት።

«በዚህ እሺው። ወዲያው ይለቅሻል።»

አሸችው። ማቃጠሉ ቀስ በቀስ በረደ። እንባዋ ግን አልቆም አለ። ሰውዬው አልሄደም፤ ወደ ቆላው እያየ ጠበቃት። ቆይቶም ቀስ ብሎ፣

«የሳማ ለቅሶ እንኳ ይህን ያህል አይረዝምም» አለ።

ፀደንያ ከለቅሶዋ መሐል ሳቀች። ከመጣች ወዲህ የሳቀችው ያን ቀን ነው።

«የእናትሽ ልጅ መሆንሽን ከሩቅ ነው ያወቅሁት» አላት። «እሳቸውም ሳማን በባዶ እጃቸው ነበር የሚነቅሉ።»

«አንተስ የማን ልጅ ነህ?»

«የመምሬ ወልደሩፋኤል። ዘሥላሴ እባላለሁ። እዚሁ ዑራኤል ዲያቆን ነኝ።»

መምሬ ወልደሩፋኤልን ታውቃቸዋለች፤ የእናቷ የነፍስ አባት ነበሩ። ልጃቸውን ግን አታስታውሰውም። እሷ ባል አግብታ ስትሄድ እሱ ለቤተ ክህነት ትምህርት ሩቅ አገር ነበር።

ዘሥላሴ ካቡን ተሻግሮ ገባ። ፈቃድ አልጠየቀም፤ እሷም አልከለከለችውም። ሳማውን ከሥሩ በዶማው እየገለበጠ ወደ አንድ ጥግ ሰበሰበው። ሲሄድ ዶማውን ትቶላት፣ «ነገ ችግኝ አመጣልሻለሁ። አፈሩ ጥሩ ነው፤ ሰው ነው ያጣው» አላት።

በማግሥቱ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ የጥቅል ጎመን ችግኝ ይዞ መጣ። ዘሥላሴ ከአባቱ ቤት ጀርባ ችግኝ እያፈላ ለሰፈሩ ሰው ይሸጣል፤ የዲያቆን ኑሮ ያለዚያ አይሆንም።

ቦታው ተዳፋት ስለሆነ መደቡን አግድም ሠሩት፤ በየመሐሉም የጎርፍ መውረጃ ቦይ ቀደዱ። ዘሥላሴ ፍግ ከቤቱ እየተሸከመ አመጣ። ፀደንያ ደግሞ እናቷ ታደርገው እንደነበረው፣ ተባይ እንዳይጠጋው በጎመኑ መሐል መሐል ነጭ ሽንኩርት ሰካች። ችግኝ ስትቀበለው ጣቷ ጣቱን ይነካል። ሁለቱም ጭቃ በጭቃ ስለሆኑ እንዳልተነካኩ ይሆናሉ።

ክረምቱ ገባ። ዝናቡ ሲያባራ ይመጣል፤ ሲዘንብ ደግሞ ሁለቱ በየቤታቸው ሆነው ዝናቡን ያያሉ። በር ዘግተው አብረው የተቀመጡበት ቀን አልነበረም። ሁሌም ከጓሮ፣ ሁሌም መንገደኛ በሚያያቸው ቦታ ነበሩ።

«ይህቺ ምንድን ናት?» አላት አንድ ቀን፣ በር አጠገብ የተከለችውን ትንሽ ቁጥቋጦ እያየ።

«ጽጌረዳ።»

«አትበላም።»

«የማይበላም ያስፈልጋል።»

ዘሥላሴ ጽጌረዳዋን ትቶ ፀደንያን አየ። ከዚያ በፊትም አይቷታል፤ እንደዚያ ግን አላያትም። እሷም ዓይኗን ለመመለስ ዘገየች። ከዚያ ሁለቱም ጎንበስ ብለው፣ አረም በሌለበት ቦታ አረም ይፈልጉ ጀመር።

ለፀደንያ እሁድ ረጅሙ ቀን ነበር። አሁን ግን ጎህ ሲቀድ ትነቃለች። ከላይ ከዑራኤል የቅዳሴው ዜማ በጉሙ ውስጥ ሲወርድ ደጃፏ ላይ ጋቢ ተከናንባ ትሰማለች። ከሁሉም ድምፅ መሐል የእሱን ለይታ ታውቀዋለች። መቅደስ ውስጥ ሲያዜም ያ ጓሮ ለጓሮ ፍግ የሚሸከመው ሰው አይመስልም። ድምፁ ራሱን የረሳ ሰው ድምፅ ነው።

መስከረም ሲጠባ ጎመኑ ተጠቅልሎ ጠነከረ፤ ካሮቱ ተነቀለ። ከካሮቶቹ አንዱ ሁለት እግር አውጥቶ እግሮቹን አነባብሮ ስለተገኘ ሁለቱም እስኪደክማቸው ሳቁ። ያን ሳቅ ጎረቤቷ እትዬ በሰለች ከአጥራቸው ሆነው ሰሙት።

በማግሥቱ እትዬ በሰለች እንቁላል ይዘው መጡ። ከተቀመጡ በኋላ ብዙ ጊዜ የነጠላቸውን ጥለት ሲያፍተለትሉ ቆዩ።

«ልጄ፣ ክፉ እንዳይመስልሽ» አሉ በመጨረሻ።

«ይንገሩኝ እትዬ።»

«የመምሬ ዓይን እየደከመ ነው። መጽሐፉን በቃላቸው ካልሆነ አያነቡትም። ቅዳሴ ደግሞ በአንድ ቄስ አይሆንም፤ ሁለት ይፈልጋል። መምሬ የቀሩ ዕለት ከቄስ ገብረአብ ጋር የሚቆመው ዘሥላሴ ነው፤ ሌላ የለንም። ሰፈሩ ሁሉ አግብቶ ቅስና የሚቀበልበትን ቀን ነው የሚጠብቅ።»

ፀደንያ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ወደ ሳህን ታወጣ ጀመር።

«አንቺ ፈት ነሽ፣ ልጄ። ዲያቆን ሰው ያገባችውን ካገባ ቅስናው ቀርቶ ድቁናውም ይቀርበታል። ይህን ደንብ እኔ አላወጣሁት።»

«እኛ እኮ ምንም አላደረግን እትዬ።»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው ዛሬ የምነግርሽ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ፀደንያ ዘሥላሴ ሲመጣ ሥራ አለኝ እያለች ቤት ውስጥ ትቆይ ጀመር። በመስኮት ታየዋለች። እሱ ብቻውን ሲኮተኩት ይቆይና በሩን አየት አድርጎ ይሄዳል። ዓይኖቹ በሩ ላይ የሚያርፉባት ያቺ አንዲት አፍታ ቀኗን በሙሉ ትከብድባታለች።

በኅዳር አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ አንድም ደመና ጠፋ። ነፋሱ ቀጥ አለ። የአንኮበር ሰው ይህን ምልክት ያውቀዋል፤ ውርጭ ሊጥል ነው። ፀደንያ ለሁለተኛ ዙር የተከለቻቸው ችግኞች ገና ለጋ ነበሩ። ገለባ እየጎተተች ስታለብስ ዘሥላሴ እየሮጠ መጣ። ሳይነጋገሩ ተካፈሉት። ገለባው አለቀ፤ ያላትን ጆንያ ሁሉ አነጠፉ፤ የመጨረሻው መደብ ግን ራቁቱን ቀረ።

ዘሥላሴ ጋቢውን ከትከሻው አወረደና በችግኞቹ ላይ ዘረጋው።

«አብደሃል? አንተስ?»

«እኔ ቤት አለኝ» አለ። የጋቢውን ጫፍ ይዞ እንደተንበረከከ ቆየ። «ለምን ትሸሺኛለሽ?»

«ታውቀዋለህ።»

«አውቀዋለሁ። ለአባቴ ልነግራቸው ነው።»

«ምኑን?»

«ክህነቱ እንደሚቀርብኝ። አንቺን እንደማገባ።»

«እኔን ጠይቀኸኛል?»

«አሁን እየጠየቅሁሽ ነው።»

ብርዱ ከመሬቱ ይነሣ ጀምሯል። ፀደንያ በእሷ በኩል ያለውን የጋቢውን ጫፍ በድንጋይ አስያዘችው። እሺ አላለችም፤ እምቢም አላለችም።

«ብርድ ይመታሃል። ሂድ» አለችው።

ድምፅዋ ግን እንዴት እንደ ነበረ ሁለቱም ሰምተዋል። ዘሥላሴ ሽቅብ ሲወጣ በጨለማው ውስጥ እየሳቀ እንደነበረ ከእርምጃው አወቀችው።

ጠዋት ጋቢው ውርጭ ጋግሮ እንደ ጣውላ ደርቆ ነበር። ብታነሣው ከሥሩ ያሉት ችግኞች አረንጓዴ እንደሆኑ ነበሩ። ያን ቀዝቃዛ ጋቢ ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። ደስ ብሏታል። ያን ደስታ የምትነግረው ሰው ግን አልነበራትም፤ እናቷ እንደዚያ ጠዋት ናፍቀዋት አያውቁም።

ዘሥላሴ ለአባቱ ነገራቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ መምሬ ወልደሩፋኤል ራሳቸው በትራቸውን እየተመረኮዙ፣ መንገዱን በእግራቸው እየዳሰሱ ወደ ፀደንያ ደጅ ወረዱ።  መስቀላቸውን ተሳለመች፤ ነጠላዋን አጣፍታ ለእርግማን እንደተዘጋጀ ሰው አንገቷን ደፍታ ቆመች።

«ጓሮሽን አሳይኝ» አሉ።

«እ?»

«ዓይኔ አላይ ብሎኛል። በእጄ አሳይኝ።»

እጃቸውን ይዛ በመደቦቹ መሐል መራቻቸው። ጥቅል ጎመኑን እንደ ሕፃን ራስ ዳሰሱት። ከጤና አዳሙ ቀንጥሰው አሸተቱ። የነጭ ሽንኩርቱን ቅጠል ሲያገኙ ፈገግ አሉ።

«እናትሽም በጎመን መሐል ነበር የምትሰካው።»

ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻቸው። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ።

«ልጄ ነግሮኛል። እያለቀሰ ነው የነገረኝ። የምረግመው መሰለው መሰለኝ። ልጅ አይረገምም፤ አንቺንም አልረግምሽም። ከተጋባችሁ ቤቴ ቤትሽ ነው። ይህን ልነግርሽ ነው የመጣሁ።»

«አልተቆጡም፣ መምሬ?»

«ተቆጥቼ ነበር። በአንቺ ግን አይደለም። አንድ ልጅ ሰጥቶኝ፣ ያንን ድምፅ ሰጥቶት፣ ከዚያ እንዲህ ላደረገው ጌታ ነው የተቆጣሁት። እሱም ይታገሠኛል፤ እንተዋወቃለን እኮ።»

ሲሄዱ እስከ በሩ ሸኘቻቸው። ከበሩ ላይ ቆም ብለው ወደ ላይ፣ ወደማያዩት ቤተ ክርስቲያን ዞሩ።

«እንግዲህ ዑራኤል ሲዘጋ የማላይ መሆኔ አንድ ደግ ነገር ነው» አሉ፣ ለቀልድ ያህል።

ፀደንያ መሳቅ አልቻለችም። ቢረግሟት ይሻላት እንደነበር የገባት እሳቸው ኩርባውን ካለፉ በኋላ ነው።

ዘሥላሴ ልቡን ለሁለት ከፍሎ መቅደስ አልገባም ብሎ አገልግሎቱን አቆመ። የጥር ዑራኤል ሲደርስ ሁለት ዲያቆናት ከሌላ ደብር ተለምነው መጡ። ሕዝቡ ከየአቅጣጫው ነጭ ለብሶ ቅጥሩን ሞላው። ፀደንያ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ሳለ ዘሥላሴን አየችው። ከወይራው ሥር ከገበሬዎቹ መሐል፣ እንደ ማንኛውም ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ቆሟል።

ከውስጥ የእንግዳው ዲያቆን ድምፅ ተሰማ፤ ሻከር ያለ፣ መንገድ ያደከመው ድምፅ። ፀደንያ ወደ ዘሥላሴ እያየች ነበር። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ዲያቆኑ ከማለቱ በፊት እያንዳንዱን ቃል እሱ ቀድሞ ይለዋል፤ ድምፅ የለውም፣ ከንፈር ብቻ። ዜማው ሲወጣ አንገቱ አብሮ ይወጣል፤ ዜማው ሲወርድ ትከሻው አብሮ ይወርዳል። በአንድ ቦታ ላይ ዲያቆኑ ተሳሳተ። የዘሥላሴ እጅ የሆነ ነገር ሊይዝ እንደሚፈልግ ብድግ አለና በአየር ላይ ቀረ። ያኔ የት እንደቆመ ትዝ ብሎት ከንፈሩን ገጠመ። ነጠላውን እስከ ዓይኑ ሳበ።

ፀደንያ ቅዳሴው እስኪያልቅ አልጠበቀችም። ቁልቁል ወርዳ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች።

በማግሥቱ ሲመጣ ድንች እየኮተኮተች ነበር። ቀና አላለችም።

«ትናንት አየሁህ።»

«የት?»

«ከወይራው ሥር። ከንፈርህን አየሁት።»

ዘሥላሴ በእግሩ አንድ ጓል ፈረከሰ። ቆይቶ «ልማድ ነው። ይለቀኛል» አለ።

«መቼ?»

«እኔ እንጃ። አንቺ ካለሽኝ ይለቀኛል።»

ያኔ ቀና አለች። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም።

«ባየውም እንደዚሁ ብሎኝ ነበር። አንቺ ካለሽኝ ልጅ ባይመጣም ግድ የለኝም አለኝ። ሲለኝ አልዋሸኝም። ቆይቶ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት ጀመረ። እኔ ሰው ባየኝ ቁጥር ያጣውን የሚያስታውስብኝ ሴት ሆኜ ቤት ውስጥ ኖሬያለሁ፣ ዘሥላሴ። ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። ሁለተኛ አልችለውም።»

«እኔ ባየው አይደለሁም!»

«አይደለህም። አንተ የበለጠ ነው የምታጣው።»

«ለእኔ የምትወስኚልኝ አንቺ ማን ነሽና ነው?» ድምፁ ጓሮውን አልፎ ተሰማ። እንዲህ ሲጮኽ ሰምታው አታውቅም። «አባቴ እንኳ አልከለከሉኝም! ሰፈሩን ሁሉ ችዬዋለሁ! አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽኝ!»

«ለአንተ አልወሰንኩም። ለራሴ ነው። ክህነትህን መተው ከፈለግህ ተው፤ መብትህ ነው። የምታገባው ግን እኔን አይደለም።»

ዘሥላሴ ቆሞ አያት። ዓይኖቹ ፊቷ ላይ የሆነ ክፍተት ይፈልጋሉ።

«አልወድህም በይኝና ልሂድ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። 

ውሸቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አንድ ቃል ብትናገር ለእሱ መንገዱ ይቀልለት ነበር።

«እሱን አልልህም» አለች። «ሳልለው ሂድ።»

ሄደ። ፀደንያ ኩትኳቶውን ቀጠለች። መሬቱ እስኪጨልምባት ድረስ ቀና አላለችም።

ዘሥላሴ ወደ መቅደስ አገልግሎቱ ተመለሰ፤ ከፋሲካ በኋላም ከእነዋሪ አገር የቄስ ልጅ በቁርባን አገባ። ወለተሐና ትባላለች። ሠርጉ ሲያልፍ ፀደንያ ድንች እየቆፈረች ነበር። እልልታውና ከበሮው ከላይ ከመንገዱ ወረደ፤ ቀረበ፤ አለፈ። ዶማዋን አላቆመችም። ሲመሽ የእጇ መዳፍ ውኃ ቋጥሮ ተገኘ። ጥቂት ቆይቶም ዘሥላሴ ከጳጳሱ ዘንድ ቅስና ተቀብሎ መጣ፣ ችግኝ ማፍላቱንም ተወ ተባለ። መጠምጠሚያ አድርጎ ከሩቅ አየችው። አካሄዱ የተለወጠ መሰላት፤ ወይም ልብሱ ነው።

በሰኔ ወለተሐና ራሷ መጣች። ከካቡ ወዲያ ቆማ ለመግባት ታመነታለች። ገና ልጅ እግር ናት፤ ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ይዛለች።

«የጎመን ችግኝ ትሸጣለች ብለውኝ ነው፣ እታለም።»

ፀደንያ በሩን ከፈተችላት።  ችግኝ ስትነቅልላት ወለተሐና በገደሉ ጠርዝ ላይ ወዳለው ጉም እያየች ነበር።

«እኛ አገር ሜዳ ነው» አለች። «ወጥተሽ ብታይ ዓይንሽ እስከሚደክም ገብስ ነው። እዚህ ግን መሬቱ የሚያልቅ ይመስለኛል። እሱ ቤተ ክርስቲያን ሲውል ብቻዬን ገደሉን እያየሁ እውላለሁ።»

ፀደንያ እጇን ከአፈሩ ሳታወጣ ቆየች። ልትጠላት ተዘጋጅታ ነበር። የመጣባት ግን ሌላ ነገር ነው፤ በዚያ ግንቦት ሻንጣዋን ይዛ የቆመችውን ራሷን ያየች መሰላት።

«ማን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ?» አለቻት።

«አውቃለሁ። ከመጋባታችን በፊት ነግሮኛል።»

«ምን ብሎ?»

«እውነቱን።» ወለተሐና ዓይኗን ሰበረች። «ከዚያ በኋላ አንስቶሽ አያውቅም። አንድም ቀን።»

 ከዚያ ፀደንያ ችግኙን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ ሰጠቻት።

«ውርጭ ሳይጀምር ይደርስልሻል» አለች። «ነጭ ሽንኩርትም እሰጥሻለሁ። በመሐሉ ስኪው፤ ተባይ ይከለክልሻል። ጎመን ሲያድግ ዓይንሽ እሱ ላይ ይውላል፤ ገደሉን ትረሽዋለሽ።»

ወለተሐና ስትሄድ ዞር ብላ ፈገግ አለች። ከዚያ በኋላም ትመጣለች፤ ስለ ጎመን፣ ስለ ትል፣ ስለ ዝናብ ያወራሉ። ስለ ሌላ ነገር አያወሩም።

ጓሮው ሰፋ። ፀደንያ ከሰፈሩ አልፋ ለከተማው ምግብ ቤቶችም ታስረክባለች። ሰው ይመጣል፣ ይሸምታል፣ ያመሰግናል፣ ይሄዳል። ማታ ማታ ግን በሩ ሲዘጋ ቤቱ ያው ነው። ለአንድ ሰው የሚበቃ ሽሮ መበተን ለምዳለች።

በዓመቱ ጥቅምት መምሬ ወልደሩፋኤል አረፉ። አገሩ ሁሉ አለቀሰላቸው። ዓይናቸው ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ እንኳ እስከ መጨረሻዋ እሁድ ልጃቸው እጃቸውን እየያዘ መቅደስ ያስገባቸው ነበር። ከአርባው በኋላ ቀሲስ ዘሥላሴ የአባቱን የነፍስ ልጆች በየቤታቸው እየዞረ መጎብኘት ጀመረ። ጸበል ይረጫል፤ ጸሎት ያደርሳል፤ የነፍስ አባታቸው ከእንግዲህ እሱ መሆኑን ይነግራቸዋል። ፀደንያ ዜናውን ከእትዬ በሰለች ሰማች። የመምሬ የነፍስ ልጅ ነበረች፤ እንደ እናቷ።

ብዙ ቀን ቆይቶ መጣ። ጠዋት ነበር፤ ጉሙ መደቦቹ ላይ ተኝቷል። ካቡን አልተሻገረም፤ በበሩ ዞሮ ቆመ። ጢሙ አድጓል። በአንድ እጁ የጸበል ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው የአባቱን የእጅ መስቀል ይዟል።

«እንደምን አደርሽ» አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎ እንደምን አደሩ?»

ይህን ቃል አስባ አልተናገረችውም። ከአፏ ከወጣ በኋላ ግን ሁለቱም ባሉበት ቆመው ቀሩ። ከተዋወቁበት ቀን ጀምሮ በመሐላቸው የነበረው «አንተ» ዳግም እንደማይመለስ ሁለቱም አወቁ።

ገባ። ቤቱን ዞሮ ጸሎት አደረሰ። ጸበሉን በግድግዳው፣ በደጃፉ፣ ከዚያም ወጥቶ በመደቦቹ ላይ ረጨ። ሲጨርስ መሬቱን እያየ ቆመ።

«አባቴ የነፍስ ልጆቻቸውን ሁሉ ለእኔ ነው የተዉልኝ። ከሁሉም ቤት ደርሻለሁ። የአንቺን አዘገየሁት።»

«ይመጣሉ ብዬ ነበር።»

«ሌላ የነፍስ አባት ለምኜልሻለሁ። ቄስ ገብረአብ እሺ ብለዋል። ደግ ሰው ናቸው።»

ፀደንያ ፊቱን አየችው። «እርስዎስ?»

«እኔ አልሆንሽም።»

«ለምን?»

አፉን ከፈተ። ቃል ሊወጣ ሲል ተመልሶ ገጠመው። ጉሙ በመሐላቸው አለፈ። እሱም አንገቱን ደፍቶ የመስቀሉን እጀታ በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ቆየ። ፀደንያ ጠበቀች። ከዚያ ዝምታው ራሱ መልሱ እንደሆነ ገባት። ካህን ኃጢአቷን ሰምቶ ሊፈታት የማይችለው ለአንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ ኃጢአቱ የእሱም ሲሆን። አንድም ቀን አላነሣትም፤ አንድም ቀን አልረሳትም።

ዓይኗ ሞላ፤ ግን ድምፅዋ አልተሰበረም።

«ይሁን» አለች። «ቄስ ገብረአብ ይሁኑኝ። ዛሬ ግን እርስዎ ይባርኩኝ።»

ነጠላዋን አጣፍታ ጎንበስ አለች። መስቀሉ ግንባሯን ነካ፤ ወረደ፤ ከንፈሯን ነካ። ቀዝቃዛ ነበር። 

«እግዚአብሔር ይፍታሽ» አለ። ከቀረው ጸበል በመዳፉ ቀድቶ ፊቷ ላይ ረጨ። ከዚያ ዞሮ ወጣ፤ በሩን ከኋላው ቀስ አድርጎ ገጠመው።

ፀደንያ የእርምጃውን ድምፅ ሽቅብ ሲወጣ ጉሙ እስኪውጠው ሰማችው። ፊቷን አልጠረገችም። በራሱ እስኪደርቅ ድረስ በመደቦቹ መሐል ቆማ ጠበቀች።